የጠመመው ማስመሪያ

«ይሄም ጠሟል!» አያቷ ማስመሪያውን የልብስ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወረወሩት። «ዘንድሮ ቀጥ ያለ ነገር የሚሠራ ሰው ጠፋ!»

ፌንጣ ሣቋን ዋጠች። እግሯ መሬት አይረግጥም ብለው ይህን ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስፌት ቤታቸው ገብታ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባላቸዋለች፣ ቁልፍ ትተክላለች። ማስመሪያውን የገዛችው ትናንት ነው። ከሱ በፊት የነበረውም «ጠሞ» ተጥሏል።

አነሣችና የመስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፈችው። ጠርዙ ከመስታወቱ ጋር ልክ ገጠመ።

«አባባ፣ ቀጥ ያለ ነው እኮ።»

«አንቺ ደግሞ! ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስቆርጥ ኖሬ ቀጥታውን ከጠማማው አልለይም?»

«እስቲ ግራ ዓይንዎን በእጅዎ ይሸፍኑ።»

ሸፈኑ። ማስመሪያውን በቀኙ አዩት።

«መሃሉ የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ጥቁር ነገር ውጦታል። ዳርና ዳሩ እንደ እባብ ይሄዳል።» እጃቸውን ቶሎ አወረዱ። «የዓይን ሞራ ነው። ሞራ ደግሞ እስኪበስል ይጠበቃል። ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትይ! የሰማች ቀን መቀሴን ነጥቃ ቤት ታስቀምጠኛለች። ‹አባባ ይሙት› በይ።»

«አባባ…»

«በይ!»

«አባባ ይሙት።»

ክር ልግዛ ብላ ወጣች። የማለችው ለእናቷ ላትናገር ነው እንጂ ለአክስቷ አይደለም። ዓይን ክሊኒክ ለምትሠራው አክስቷ ደውላ ሁሉን ነገረቻት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች አክስቷ።

«ሰሞኑን። ድንገት። ሞራ ነው ይላሉ።»

«ሞራ ቀስ እያለ ያደበዝዛል እንጂ ቀጥ ያለውን አያጎብጥም። ዓይናቸው ውስጥ፣ ከኋላ በኩል ደም ፈሶ ይሆናል። እንዲህ ያለው ብዙ አያጋጥምም፤ ለዚህ ነው ሰው ሞራ ነው እያለ የሚቀመጠው። ሐኪም አይቶ ይለየው፣ ግን ዛሬውኑ። ከቆየ የጠፋው አይመለስም።»

«እሺ አይሉኝም።»

«እናትሽን እምቢ አይሏትም። ንገሪያታ።»

«ምያለሁ እኮ። በራሳቸው።»

«እሱን እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ።»

ስትመለስ አያቷ ጨርቁ ላይ አጎንብሰው፣ በጠመኔ ያሰመሩትን መስመር በጣታቸው እየዳበሱ ይፈልጋሉ። መቀሱ በሌላ እጃቸው ነው።

አጠገባቸው ተቀመጠች። ስልኳ ላይ ቁጥር ነክታ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ መሃላቸው፣ ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው። ከጀርባቸው መደወል አልፈለገችም።

«ማን ጋ ነው?»

«እማዬ ጋ።»

«ምለሽልኛል እኮ!»

«ምያለሁ» አለች።

ስልኩ መጥራት ጀመረ። አያቷ አዩዋት። አልዘጋችውም።