ለደሴት የሚሄድ አልጋ

ኦቦ ደገፋ የመዶሻውን ራስ በአሮጌ ሹራብ ቁራጭ ጠቅልለው በሲባጎ አሰሩት። እንደዚያም ሆኖ ሲመታ ይሰማል። የአናጺ ቤታቸው የቆርቆሮ በር ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ ብርሃን የሚገባው በስንጥቆቹ በኩል ብቻ ነው። ሮዳስ የአልጋውን አንድ ጎን፣ ጓደኛዋ ደጊቱ ሌላውን ጎን ደግፈው ይዘዋል።

«አጥብቃችሁ ያዙ፣ ኢጆሌ፣ ልጆች» አሉ ኦቦ ደገፋ። የደጊቱ አባት ናቸው።

ማክሰኞ ነበር፤ የአድማው ሁለተኛ ቀን። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ቡራዩ ውስጥ ሱቅ እንዳይከፈት፣ መኪና እንዳይንቀሳቀስ፣ ማንም ሥራ እንዳይሠራ ተብሏል። መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ የተነሳው በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ነበር፤ አሁን ግን ሰው የሚያወራው ስለሞቱትና ስለታሰሩት ነው። የጎረቤታቸው የኦቦ ቶሌራ ልጅ የተቀበረው ባለፈው ሳምንት ነው። ስለዚህ በዚህ ሰሞን መዶሻ ማንሳት ለቅሶ ቤት አጠገብ እንደ መዝፈን ይቆጠራል።

ኦቦ ደገፋ ይህን አላጡትም። የሚሠሩት፣ ሮዳስ እሷንና እናቷን የሚወስደው መኪና ረቡዕ ንጋት ላይ እንደሚነሳ ስለነገረቻቸው ነው።

መኪናው የሚነሳው ግን ቅዳሜ ነው።

የሮዳስ እናት ሲስተር ብርሃነሽ ነርስ ናት። በቅርቡ ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ወዳለች አንዲት ደሴት ተዛውራለች። እዚያ የሚሰጣት ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ውስጡ ምንም የለም። በደሴቷ የቤት ዕቃ የሚሸጥ ቀርቶ የተሰበረ ወንበር የሚጠግን እንኳ እንደሌለ ነግረዋታል። እናትና ልጅ በአምቦ መንገድ ዳር ያሉትን ፈርኒቸር ቤቶች አንድ በአንድ አዳረሱ። ደህና ደህናው ዋጋው አይቀመስም። ረከስ ያለው ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ኤም ዲ ኤፍ ነው፤ ውሃ ሲነካው ተነክሮ እንደተረሳ ዳቦ ያብጣል። ቢገዙትስ ተገጣጥሞ ያለቀ አልጋ ትንሽ ጀልባ ላይ በምን ይወጣል?

«አባዬ ከፓሌት ይሠራላችኋል» ያለችው ደጊቱ ናት። ፓሌት ፋብሪካዎች ዕቃ ከጫኑበት በኋላ የሚያወጡት ርካሽ ጣውላ ነው። ኦቦ ደገፋ በሚስማር ፋንታ በብሎን የሚያያዝ፣ ተፈትቶ እንደ ማገዶ የሚታሰር አልጋ አሰቡ። ዋጋው የሱቁን ሲሶ እንኳ አይሞላም።

ለሮዳስ ይህ አልጋ ከዕቃ በላይ ነበር። አስም አለባት፤ የደሴቷ ቤት ወለል ደግሞ እርጥብ ነው ተብሏል። እናቷ ቁርጡን ነግራታለች። «አልጋው ካልደረሰ እኔ ቀድሜ እሄዳለሁ፤ አንቺ ሱሉልታ አክስትሽ ጋ ትቆያለሽ። መሬት ላይ አላስተኛሽም።» እስከ መቼ እንደምትቆይ አልተናገረችም። ሮዳስ ከእናቷ ተለይታ አድራ አታውቅም። 

ስለዚህ ልታዝዝ ብቻዋን የሄደች ቀን፣ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች። አናጺና ልብስ ሰፊ «ነገ» ሲሉ ነገ እንዳልሆነ የማያውቅ የለም። እናቷ ራሷ የእሁዱን ሰርግ ለልብስ ሰፊዋ ሐሙስ ነው ብላት ታውቃለች። ሮዳስም ቅዳሜን ረቡዕ አደረገችው። ያኔ ስለ አድማ የሰማ ሰው አልነበረም። ሲሰማ ማስተካከል ትችል ነበር፤ ግን አልጋው ሳያልቅ ቢቀርስ? ዝም አለች። ዝምታውም እስከዛሬ ቆየ።

ሦስተኛው ብሎን ሲገባ በሩ በመዳፍ ተመታ።

«ኦቦ ደገፋ! ይክፈቱ።»

ኦቦ ደገፋ መዶሻውን አልደበቁም። መቀርቀሪያውን ሳቡት። ደጃፉ ላይ የቆመው ሁንዴ ነው፤ በእነ ሮዳስ ትምህርት ቤት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ። ከኋላው አድማውን አብረውት የሚጠብቁ ሦስት ልጆች አሉ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ደገፋ» አለ ጎንበስ ብሎ። ከዚያ መዶሻው ላይ የታሰረውን ጨርቅ አየ። «ድምፅ ሰማን። እርስዎ ነዎት ብዬ አላሰብኩም። የኦቦ ቶሌራ ልጅ ከተቀበረ ገና ሳምንቱ ነው።»

«አውቃለሁ። ቀብሩ ላይ አብረን ነው የቆምነው።»

«ታዲያ?»

ኦቦ ደገፋ ላባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። በልጃቸው ዕድሜ ላለ ሰው ማስረዳት ከብዷቸዋል። «ለገንዘብ ብዬ አይደለም። ይቺ ልጅ ነገ ንጋት ላይ ከእናቷ ጋር ትሄዳለች። ደሴት ነው፤ ምንም የለም። ደረቷን ያማታል፣ መሬት ላይ መተኛት አትችልም። አንድ ቀን እንኳ የሚያቆይ ቢሆን ይህን መዶሻ አላነሳም ነበር።» ወደ ሮዳስ ዞሩ። «አይደለም እንዴ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

ሁሉም አያት።

«አዎ» አለች። አልተሰማም መሰለኝ ብላ ደገመችው። «አዎ።»

ሁንዴ ወደ እሷ ጠጋ አለ። «እናትሽ ሲስተር ብርሃነሽ ናቸው አይደል? ታናሽ እህቴን ያዋለዱት እሳቸው ናቸው።» ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በኦሮምኛ ተነጋገሩ። ሮዳስ እያንዳንዱን ቃል ሰማች። አንደኛው «ንጋት ላይ ፓትሮል አለ፣ እንያዛለን» አለ። ሁንዴ «ለአምስት ደቂቃ ነው» አለው።

«እሺ» አለ ተመልሶ። «መዶሻው ይብቃ፤ የቀረውን በመፍቻ አጥብቁት። ነገ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መገንጠያው ጋ እንጠብቃችኋለን። መንገዱን የዘጋንበትን ድንጋይ አንስተን እናሳልፋችኋለን፤ ስታልፉ እንመልሰዋለን። እንዳትዘገዩ ብቻ።»

«ገለቶማ፣ ልጄ» ብለው አመሰገኑት ኦቦ ደገፋ።

ልጆቹ ሲሄዱ ደጊቱ ሮዳስን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «ሁንዴ እኮ ለማንም ድንጋይ አንስቶ አያውቅም! ሀብታም ሰውዬ እንኳ ለምኖት መልሶታል።»

«ደጊቱ፣ ነይማ» አለቻት ሮዳስ። ከጣውላው ክምር ጀርባ ወስዳ እውነቱን ነገረቻት።

ደጊቱ መጀመሪያ ሳቀች። «እየፎገርሽኝ ነው?»

«አይደለም።»

«አባዬን? አባዬን ነው የሸወድሽው?»

«ሰው ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል ብዬ…»

ደጊቱ ፊቷን አዞረች። ተናዳለች፤ ከንዴቷ በላይ ግን አድማ ሰበሩ እንዳይባሉ ለአባቷ ፈርታለች። «በቃ ዝም በይ» አለች በመጨረሻ። «ሄደሽ ለሁንዴ መኪናው ተበላሸ በይው። ቅዳሜ ነው የሚጠገነው በይ። አባዬም አይሰማ፣ እነሱም አይውጡ። ማንም አያውቅም።»

ሮዳስ ወደ በሩ ስትራመድ ኦቦ ደገፋ ጠሯት። የአልጋውን ራስጌ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተጉ ነበር። ጠርዙ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ጣውላ ገጥመውበታል፤ ያልታዘዘች ነገር ናት።

«ይቺ ለአስም መድኃኒትሽ ናት» አሉ። «ሌሊት ስትፈልጊው እንዳትንከራተቺ። እጅሽን እንዳይወጋሽም አለስልሼዋለሁ፤ እስኪ ንኪው።»

ነካችው። ለስልሷል።  ልታለቅስ ደርሳ ነበርና ቶሎ ወጣች።

መንገዱ ባዶ ነበር። ሱቆቹ ሁሉ ዝግ ናቸው፤ ሌላ ጊዜ «አስኮ! አስኮ!» የሚባልበት የታክሲ ማቆሚያ ላይ ሁለት ውሾች ተኝተዋል። ሮዳስ እየሄደች የሚሆነውን ቆጠረች። እውነቱን ብትናገር ኦቦ ደገፋ ይሰማሉ። ከሰሙ አልጋውን ላይጨርሱላት ይችላሉ፤ ቢተዉትም አይፈረድባቸውም። አልጋው ካልተጨረሰ ሱሉልታ አክስቷ ጋ ትቀራለች። የደጊቱ ሐሳብ ከዚህ ሁሉ ያድናታል። የትኛውን እንደምትል ሳትወስን መገንጠያው ጋ ደረሰች።

ሁንዴ ከድንጋዮቹ አጠገብ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ሲያያት ቀና አለ።

«ምነው? ሰዓቱ ተቀየረ እንዴ?»

ውሸቱን ራሱ አዘጋጅቶ አቀረበላት። አንዲት «አዎ» ብቻ ነው የጎደለችው። የመጀመሪያው ውሸትም «ረቡዕ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ጣቷ ላይ የጣውላው ብናኝ እንዳለ ነው።

«አልተቀየረም» አለች ሮዳስ። «ከመጀመሪያውም ቅዳሜ ነው። ኦቦ ደገፋ አያውቁም፤ እሳቸውንም የዋሸኋቸው እኔ ነኝ። ነገ እንዳትወጡ።»

ሁንዴ አያት፤ ከዚያ ወደ ቆርቆሮው በር አቅጣጫ አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ወዳጅነት ሲጠፋ ታወቃት።

«ለሳቸው ማን ይነግራቸዋል?» አለ።

«እኔ» አለችና በመጣችበት መንገድ ተመለሰች።