የሐኪም ጋራ ኩርባ

ሚልኪያስ ከሐኪም ጋራ ኩርባ ሥር፣ ገደሉ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። እግረኛ፣ ብስክሌትና ጭነት የያዘች አህያ ሳይጋፉ እንዲተላለፉበት ብሎ ከጓደኛው ከናትናኤል ጋር ከነደፈው መንገድ ላይ ወድቆ። ልጅ በገዛ ሥራው ላይ ሲቀር እናት ምን ይዋጣት?

ኢንስፔክተር ተናኘወርቅ ስትደርስ እንጨት ሻጯ ሳዳ በካቴና ታስራ ነበር።

«የእሷ አህያ ናት በጭነቷ የገፋችው» አለ ናትናኤል። «ከታች ስመጣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ወላሂ ሳልፍ ማንም አልነበረም!» አለች ሳዳ። «እኔ ከታሰርኩ ልጆቼን ማን ያያል?»

«አህያሽ በየት በኩል ነው የምትሄደው?»

«በገደሉ ዳር ነዋ! በጋራው በኩል ከሄደች እንጨቱ አፈሩን እየፋቀ ያቆማታል። ሚልኪያስ ራሱ አህያ ሲመጣ ወደ ጋራው ተጠጉ ይለን አልነበር?»

አስከሬኑን ያገኘችው ብስክሌተኛዋ ልደት ነበረች።

«ከታች ስትመጪ ምን አየሽ?»

«ከታች ኩርባው መቼ ይታያል እትዬ? ጋራው ይጋርደዋል። ለዚህ እኮ ነው ደወል የምንደውለው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ናትናኤል አህዮቹ ይከለከላሉ፣ መንገዱ የእናንተ ብቻ ይሆናል ብሎ ለእኛ ለብስክሌተኞቹ ነግሮን ነበር። ትናንት ለሚልኪያስ ስነግረው ክው አለ።»

ተናኘወርቅ ጎንበስ ብላ መሬቱን አየች። ዝናብ ባራሰው የገደሉ ዳር ላይ የአህያዋ ኮቴ ታትሟል፤ የሚልኪያስ ጫማ ደግሞ ኮቴውን ረግጦታል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው። የሚልኪያስ እናት ወይዘሮ ንግሥት የናትናኤልን ክንድ ተደግፈው መጡ፤ ከልጃቸው ጋር በአንድ ትሪ አብልተው ያሳደጉት ነው።

«በገደሉ ዳር የምትሄድ አህያ ብትገፋው የሚወድቀው ወደ ጋራው ነው» አለች ተናኘወርቅ። «ጫማው ኮቴውን ረግጧል፤ ስለዚህ እዚህ የቆመው አህያዋ ካለፈች በኋላ ነው። ሌላውን ተጠጉ የሚል ሰው ራሱ ገደሉ ዳር የቆመው ለምንድን ነው? የጋራውን ወገን ለሚያምነው ሰው ለቆ ነው። ናትናኤል፣ ከታች አየሁ አልክ። ከታች አይታይም። አንተ እዚህ ነበርክ፤ እንጨት ሻጮቹን በድብቅ ልታስወጣ ማሰብህን ሊጠይቅህ መጥቶ ነበር።»

ወይዘሮ ንግሥት ክንዳቸውን ቀስ ብለው አላቀቁ። ፖሊሱ የሳዳን ካቴና ፈታ።

«እማማ፣ ለሁሉም እናገራለሁ ሲለኝ ተናድጄ ነው» አለ ናትናኤል እያለቀሰ። «አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት። ሲወድቅ እኮ እጁን ልይዘው ነበር።»

«እሱም ትይዘኛለህ ብሎ ነዋ» አሉ ወይዘሮ ንግሥት፤ «በገደሉ በኩል የቆመልህ።»