የዶክተሩ ልጅ

ላብራቶሪው በር ላይ ቆሞ ገና «ጤና ይስጥልኝ» ሲል ጠላችው።

የከተማ ዳሩ ሆስፒታል አርባ ዓመት ሊሞላው ነበርና ታሪኩን የሚናገር መጽሔት እንዲያዘጋጅ የታዘዘው እሱ ነበር፤ መዝገብ ቤት ከተቀጠረ ገና ሦስተኛ ወሩ። የሰፈሩ ሰው ተሰባስቦ በኪራይ ቤት አራት አልጋ ዘርግቶ እንደጀመረው፣ ከማዋለጃ ተነስቶ የሕፃናት፣ የዓይንና የድንገተኛ ክፍል እስኪኖረው ድረስ ያለውን ጽፎ ጨርሷል። የቀረው የላብራቶሪው ታሪክ ነው።

የላብራቶሪ ሠራተኛዋ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አላነሳችም።

«አባትህን ጠይቃቸው» አለችው። «ታሪኩን የሠሩት እሳቸው ናቸው።»

አባቱ ሆስፒታሉን ሃያ ዓመት የመሩ ዶክተር ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው እንኳ በግቢው ሲያልፉ ዘበኛው ብድግ ይልላቸዋል። እንዲህ ባለ ድምፅ የሚያነሳቸው ሰው ገጥሞት አያውቅም። በማግስቱ ተመልሶ ቢመጣ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችበት። በሦስተኛው ቀን ሥራ የለህም ወይ ብትለው ሥራዬ ይኸው ነው አላት። ሳታስበው ቀና ብላ አየችው። አባቱን አይመስልም፤ ይኸው ራሱ አናደዳት።

ነገሩን የነገሩት ልብስ እጥበት ክፍል ያረጁት ሴትዮ ናቸው። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንዲት ወላድ የማይስማማት ደም ተሰጥቷት ከነልጇ ሞተች። ጥፋቱ በላብራቶሪ ሠራተኛው ተላከከና ተባረሩ። እኚህ ሠራተኛ በሩን ፊቱ ላይ የዘጋችበት ልጅ አባት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ዓይናቸውን ማየት ተጠየፈ፤ የሟች ባል፣ አናጢው፣ ከሩቅ ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል። ልጅቷ የአባቷን ሙያ ተምራ እዚያው ክፍል የገባችው በእልህ ነው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አቧራ እየቃመ አሮጌ መዝገቦችን አገላበጠ። በመጨረሻ የዚያን ዓመት የላብራቶሪ መዝገብ አገኘው። በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፣ «ደሙ ከታማሚዋ ጋር መስማማቱ ሳይመረመር፣ በሐኪም ትእዛዝ ወጣ» ይላል። ከሥሩ የአባቱ ፊርማ አለ።

መዝገቡን ይዞ ወደ አባቱ ቤት ሄደ። ዶክተሩ አይተው አልካዱም። ሴትዮዋ ደሟ እየፈሰሰ ስለነበር ምርመራው እስኪያልቅ ትሞትብኛለች ብለው ፈርተው እንደነበር ነገሩት።

«ያኔ እዚህ የነበርኩት ሐኪም እኔ ብቻ ነበርኩ» አሉ። «እኔ ብሄድ ሆስፒታሉ ይዘጋ ነበር። አንድ ሰው መውደቅ ነበረበት።»

«ለምን እሳቸው?»

«የሚሟገትላቸው አልነበረማ።»

መዝገቡን ይዘህ ከወጣህ እዚህ ቤት እንዳትመለስ አሉት። ወጣ።

በማግስቱ መዝገቡን ላብራቶሪ ወስዶ ለልጅቷ ሰጣት። ምስጋና ጠብቆ ከሆነ አላገኘም። አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው።

«ይሄ ሁሉ ዓመት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበር?» አለች። «ከእኔ ክፍል ሃምሳ እርምጃ ርቆ?»

ውጣልኝ አለችው። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ከቤት መባረሩን ከዘበኛው ሰምታ ኖሮ የት እያደረ እንደሆነ ጠየቀችው። መዝገብ ቤት፣ ካርቶን መሃል አላት። እንደ አይጥ አለችው። ሁለቱም ሳቃቸው መጣ፤ ማንም አልሳቀም።

አባቷም ቢሆኑ ከበር አላሳለፉትም። ቆመው ሰሙትና «እኔ የጻፍኩትን መልሰህ ለእኔ ታነብልኛለህ?» አሉት። «ሂድ፣ ለአናጢው አንብብለት።»

አብራው ሄደች። አናጢው መላጊያውን እንደያዘ አዳመጠ፤ ድገመው አለ። ከዚያ የማን ፊርማ እንደሆነ ጠየቀ።

«የአባቴ» አለ።

አናጢው ኮሌታውን አንቆ ከግድግዳው አጋጨው። ልጁ አልተከላከለም። መሃላቸው የገባችው እሷ ናት።

«ልቀቀው! ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር!» አለች።

ካፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለራሷ እንኳ ያልነገረችው ነገር ነበር። አናጢው ለቀቀውና የተላገ እንጨት ክምር ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ልጁ ይህን ታሪክ የጻፈበትን ገጽ ከመጽሔቱ ቆርጠው ጣሉት፤ እሱንም ከመዝገብ ቤት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩት። ግን አናጢው ዝም የሚል ሰው አይደለም፤ በሳምንቱ ያልሰማ ሰው አልነበረም። አናጢው ራሱ ሄዶ የአባቷን በር አንኳኳ። ሁለቱ ሰዎች ምን እንደተባባሉ ማንም አልሰማም፤ አናጢው ሲወጣ ግን አባቷ እስከ መንገዱ ሸኙት።

እሷና የዶክተሩ ልጅ ከሥራ ሲወጡ አብረው መሄድ ጀመሩ። ብዙ አያወሩም። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ እሱ ደህና እደሪ ለማለት ይቆያል፤ እሷም ለመሄድ አትቸኩልም። አንድ ቀን ቦርሳዋን ከትከሻዋ ተቀብሎ ያዘላት፤ ዓይኗን አላነሳችም፣ ግን አልከለከለችውም።

እንደወደደችው ለአባቷ ስትነግራቸው ወንበራቸውን ገፍተው ተነሱ።

«የዚያ ሰው ዘር ቤቴን አይረግጥም!»

«አባዬ» አለች፣ «አንተን በሌላ ሰው ጥፋት ቀጡህ። ሃያ ሁለት ዓመት ምን እንደሚመስል ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። አሁን አንተ እሱን እንደዚያው ልትቀጣው ነው?»

አባቷ መስኮቱ ጋ ሄዱ። ልጁ ከበሩ ውጭ ቆሟል፤ ዝናብ እያካፋ ነው። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ግባ በይው» አሉ በመጨረሻ። «እንዳያናግረኝ ግን።»

ገባ፤ አላናገራቸውም። ሁለት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ እየመጣ ጥጉ ላይ ይቀመጣል፤ እሳቸው ሬዲዮ ያዳምጣሉ፣ እሱም ያዳምጣል። በሦስተኛው ወር መጀመሪያ አባቷ ሬዲዮውን ዘጉና ፊታቸውን ሳያዞሩ ሠርጉ መቼ እንደሆነ ጠየቁት።