የተተረተረው ቅምቅማት

ሴትየዋ የተገኘችው ከደረጃው ሥር፣ ራሷ መሬት ላይ፣ እግሮቿ ሦስተኛው እርከን ላይ እንደተሰቀሉ ነው። የለበሰችው አዲስ ሰማያዊ ቀሚስ ነበር። የቀሚሱ ቅምቅማት፣ ታጥፎ የተሰፋው የታች ጠርዝ፣ ከፊት በኩል ስንዝር ተኩል ያህል ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። ባሏ፣ የፊዚክስ መምህሩ፣ ለምሳ ወደ ቤቱ ሲመለስ አግኝቷት ጮኸ።

«ረግጣው ወደቀች» አለ መጀመሪያ የደረሰው ሳጅን።

ከኋላው የመጣችው መርማሪ ትንሽዬ፣ ድምፀ ቀጭን ሴት ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት «እሜቴ ለምን» ይሏታል። ተንበርክካ የቀሚሱን ጠርዝ ገለበጠች፤ ጠርዙንም ደረጃውንም ብዙ አየች።

«ቢረገጥ ጨርቁ ይቀደድ ነበር። ይኼ ተተርትሯል። ለምን?»

ሳጅኑ መልሱን ለማግኘት ሩቅ አልሄደም። ከሕንጻው ሥር አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አለ። ሟቿ ልብስ በኢንተርኔት ለሚገዙ ሰዎች ምክር የምትጽፍ ስለነበረች ገበያዬን ዘጋችብኝ እያለ ሲያጉረመርም ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ጠዋት ሕንጻው ውስጥ የነበረውም እሱ ብቻ ነው። «ከሰፊ በቀር ስፌት የሚተረትር ማነው?» አለ ሳጅኑና በካቴና አሳስሮ ወደ ጣቢያ ላከው። በማግስቱ በሰው መግደል ተጠርጥሮ ችሎት ፊት ይቆማል፤ በሰባ ዓመቱ እዚያ የገባ ሰው መውጫውን ለማየት ዕድሜው አይበቃውም።

መርማሪዋ ወደ ላይኛው ክፍል ወጣች። መስኮቱ አጠገብ ቁመት ሙሉ መስታወት ቆሟል፤ ምስማር ላይ የሰፊ ሜትር ተሰቅሏል። ሟቿን ተከታዮቿ «እትዬ ልክ» ነበር የሚሏት። የልብሱን ቁጥር አትመኑ፣ ራሳችሁን ለኩ፤ ከሻጩ ፎቶ ይልቅ ገዝተው የለበሱት ያነሱትን እዩ፤ የጨርቁን ዓይነት ሳታነቡ አትዘዙ፤ ዕቃው ሲደርሳችሁ በቀን ብርሃን ገልብጣችሁ ስፌቱን መርምሩ ትላቸው ነበር።

«የታዘዘ ልብስ ሳትለካ ለብሳ ታውቃለች?» አለች መርማሪዋ።

«እኔን እንኳ ሳትለካ አላገባችኝም» አለ መምህሩ። ሊስቅ ሞከረና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

መስኮቱ ደፍ ላይ ደብተር ተቀምጧል። የመጨረሻው ገጽ የዚያን ጠዋት ነው፦ «ሰማያዊ ቀሚስ። ርዝመት 138። ቅምቅማት ደህና፣ ስፌቱ ሙሉ። ስለብሰው ወገቡ ሁለት ጣት ሰፊ። የአንገት መለያ ጨርቅ፦ ክሩ ሁለት ዓይነት።»

«ሳጅን፣ ይኼን አይተኸዋል?»

«ቁጥር ነው እኮ።»

መርማሪዋ ደብተሩን ዘጋች። «ቀሚሱን ማን አመጣላት?»

«ነጋዴዋ» አለ መምህሩ። «በስልክ ነው የምትሸጠው፤ ለባለቤቴ ግን ራሷ ነው የምታመጣላት። ጥሩ እንድትጽፍላት መሰለኝ።»

ሰፊው በጣቢያው አግዳሚ ላይ ኩምትር ብሎ ተቀምጧል።

«ተጣልታችኋል አሉ፣ አባባ» አለች መርማሪዋ።

«ተጣልተናል እንጂ! ሰው በስልክ ሲገዛ እኔ ዝንብ ሳባርር ልዋል? ግን ልጄ፣ 'ካልሆነላችሁ ወደ ሽማግሌው ውሰዱት' እያለች ሥራ የምትልክልኝም እሷው ነበረች። ጠዋት እሰድባታለሁ፣ ከሰዓት እመርቃታለሁ።»

«ዛሬ ጠዋትስ ምን ሰሙ?»

«መኪናዬ ስትንጫጫ ምን ይሰማኛል? እዚያው ከበላዬ ሞታ እኔ ኮሌታ እሰፋለሁ!» ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

መርማሪዋ ከቦርሳዋ አንድ ሱሪና ምላጭ አወጣች። «ረዝሞብኛል። የአንዱን እግር ቅምቅማት ይተርትሩልኝ።»

«ምላጭ ለተጠርጣሪ?» ሳጅኑ ብድግ አለ።

«አጠገቡ ቁም።»

ሽማግሌው ክሩን በአንድ በኩል በጠሰና ሳበው። ሸርርር ብሎ አንድ ክንድ ክር ባንዴ ወጣ፤ ወለሉ ላይ ጣለው። የመርፌው ቀዳዳ መስመሩን ይዞ ቀረ።

«ቀዳዳውስ?»

«ምን ይሆናል? ተመልሶ ይሰፋበት የለ!»

የነጋዴዋ ዕቃ ቤት በታሸጉ ልብሶች ተሞልቷል፤ የካውያው እንፋሎት መስኮቱን አልብሶታል። ሳቂታ፣ እጀ ፈጣን ሴት ናት።

«ነይ ግቢ፣ የኔ ቆንጆ። ምን ዓይነት መርዶ ነው የሰማሁት? እኔ እኮ ደጃፍ ላይ አቀብያት ነው የተመለስኩት። እግሬ ወደ ውስጥ አልገባም።»

«ቀሚሱ ረዝሞባት ይሆን የወደቀችው?»

የነጋዴዋ ሳቅ ጠፋ። «የኔ ቀሚስ? ቁርጭምጭሚቷ ላይ ልክክ ነው ያለው! ወገቧ ላይ ትንሽ ሰፋት እንጂ እንከን አይወጣለትም።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። የሱሪውን ሁለተኛ እግር ዘረጋች። «ሰፊያችን ታስሮ ይኼ ተንጠልጥሎ ቀረብኝ።»

«አምጪው እስቲ፣ ለዚህ ደግሞ ሰፊ!» ነጋዴዋ እያወራች በመቀስ ጫፍ አራት አራት ስፌት እየዘለለች በጠሰች። ቁርጥራጩን ክር አንድ በአንድ ለቅማ መዳፏ ላይ ሰበሰበች። ከዚያ በአውራ ጣቷ ጥፍር የመርፌውን ቀዳዳዎች ፈተግ ፈተግ አደረገች፤ ጨርቁ መርፌ ያልነካው መሰለ።

«እጅሽ ጎበዝ ነው» አለች መርማሪዋ።

በአሥራ አንድ ሰዓት ሁሉም ደረጃው ሥር ተሰበሰቡ፦ መምህሩ፣ ካቴና እጁ ላይ ያለ ሰፊው፣ ነጋዴዋ፣ ሳጅኑ። ቀሚሱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል።

«ሟቿ ቀሚሱን ስትለብስ ቅምቅማቱ ደህና ነበር፤ በእጇ ጽፋዋለች» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ የተተረተረው ከዚያ በኋላ ነው። ለምን? ረግጣው ወደቀች እንዲባል። መምህሩ እስከ ምሳ ድረስ ከሰባ ተማሪዎች ፊት አልተለዩም። ሳጅን ሰፊውን ጠረጠረ፤ አልፈረድኩበትም። ግን እዩ፦ በቀሚሱም በደረጃውም ላይ አንዲት ቁራጭ ክር የለችም። የመርፌው ቀዳዳም በጥፍር ተፈትጎ ተደፍኗል። ሰፊ ቀዳዳ አይደፍንም፤ ተመልሶ ይሰፋበታል። ቀዳዳ የሚደፍነው፣ እዚህ ጋ ስፌት እንደነበረ መደበቅ እጁ የለመደበት ሰው ነው።»

«እኔን ነው?» አለች ነጋዴዋ።

«ሰው ለብሶ የመለሰልሽን ልብስ ታጥቢያለሽ፣ ትተኩሺያለሽ፣ የቆሸሸውን መለያ ፈትተሽ ሌላ ትሰፊበታለሽ፣ አዲስ ብለሽ ትሸጫለሽ። የዚህም ቀሚስ የአንገት መለያ ግማሹ በፋብሪካ ክር፣ ግማሹ በሌላ ክር ነው የተያዘው። እትዬ ልክ ገልብጣ አየችው።»

«ይኼ ወሬ ነው! እኔ ደጃፍ ላይ ነው የሰጠኋት።»

«ወገቧ ላይ ትንሽ እንደሰፋት ታዲያ በምን አወቅሽ? እግሬ ወደ ውስጥ አልገባም አልሽኝ እኮ።»

ነጋዴዋ ወደ በሩ ዞረች። ሳጅኑ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሄደና ቆመ።

«ለካች፣ ለበሰች፣ እኔም አደነቅኳት» አለች ነጋዴዋ በመጨረሻ፣ በዝቅተኛ ድምፅ። «ከዚያ መስታወቱ ፊት አንገቱን ገለበጠች። 'ዛሬውኑ እጽፈዋለሁ' አለችኝ። እየለመንኳት ተከተልኳት፤ እዚህ ደረጃው አፍ ላይ ደረስን። እጄ ነው የቀደመኝ። ስወርድ ትንፋሿ የለም።»

«እና አጠገቧ ተቀምጠሽ ተረተርሽ» አለች መርማሪዋ። «ሳብ ብታደርጊው ይቀደድልሽ ነበር። ብትቀጂው ኖሮ እኔም ረግጣው ወደቀች ብዬ እሄድ ነበር። ለምን?»

ነጋዴዋ ቀሚሱን አየች። እጇ ወደ ጨርቁ ሄዶ ሳይደርስ ተመለሰ።

«ጥሩ ጨርቅ ነው» አለች። «አሳዘነኝ።»

«እሷስ?» አለ መምህሩ።

ሳጅኑ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፤ የሽማግሌውን እጅ ይዞ ካቴናውን ሲፈታ ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም።