ሰው የማያየው ፎልደር

ሟቹ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ነው የተገኘው። አጠገቡ ባዶ የሻይ ብርጭቆ አለ፤ ሥሩ ላይ የእንቅልፍ ኪኒን ዝቃጭ ቀርቷል። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ አንድ ደብዳቤ፦ «እማዬ፣ ደከመኝ። ይቅር በይኝ።»

መርማሪዋ ለጡረታ አራት ወር ቀርቷታል፤ ጉልበቷ ግን ቀድሟት ጡረታ ወጥቷል። «ወይ ጉድ! ሞት ሁልጊዜ ሊፍት የተበላሸበት ቤት ነው የሚጠራኝ» እያለች አራተኛ ፎቅ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ የሟቹ እናት ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደረቅ ነው።

«ራሱን አጠፋ አሉኝ፣ ልጄ። ጥሎኝ የሄደን ልጅ ምን ብዬ ላልቅሰው?» አሏት።

መርማሪዋ ትከሻቸውን ዳሰስ አድርጋ ወደ ውስጥ ገባች።

ቢሮው የሆስፒታል ፕሮግራም ይሠራበታል። ሟቹና ሸሪኩ ይጽፋሉ፣ የሟቹ እህት ትፈትሻለች፣ አንድ የጥገና ሠራተኛ ማሽኖቹን ይጠብቃል። ሦስቱም ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ናቸው፤ ሻዩንም ሁሉም ሲቀዳ ውሏል።

«ደክሞት ነበር፣ እትዬ። ምን ይደረጋል!» አለ ሸሪኩ።

እህትየው ግን ዓይኗ አብጦ እንዲህ አለች፦ «ፕሮግራሙ የበሽተኞችን ፋይል ማንም የሚከፍተው ቦታ ያስቀምጣል። ወንድሜ ሳይስተካከል አይወጣም አለ። ሸሪኩ ዛሬ አስረክባለሁ ብሎ ምሏል። ትናንት ሊደባደቡ ነበር።»

«ደብዳቤውን ማን አገኘው?»

«እኔ። የወንድሜ ስክሪን ተቆልፏል፣ የይለፍ ቃሉን አላውቅም። በዚያው ኮምፒውተር በራሴ ስም ስገባ ደብዳቤው ዴስክቶፑ ላይ ቁጭ ብሏል።»

«በራስሽ ስም ገብተሽ የሱን ደብዳቤ?» መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «የጥገናውን ልጅ ጥሪልኝ።»

የጥገና ሠራተኛው ላብ በላብ ሆኖ መጣ።

«እያንዳንዱ ሰው የራሱ የዴስክቶፕ ፎልደር አለው» አለ። «አንድ የጋራም አለ፤ እዚያ የገባ ለሁሉም ይታያል። ደብዳቤው ያለው የጋራው ውስጥ ነው። እዚያ ለመጻፍ ግን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለን እኔና ጋሼ ሸሪኩ ብቻ ነን፤ ከወንበራችን ሳንነሳ የማንንም ማሽን እንከፍታለን።»

«ሟቹስ?»

«እሱም ነበረው፤ ባለፈው ወር ራሱ ጠይቆ ፈቃዱን አስነሳው። ‹ደንበኛዬን የሚከለክለው እኔንም ይከልክለኝ› ብሎ።»

«የሱ የራሱ ዴስክቶፕስ የት ነው?»

«ዲስኩ ሲሞላበት ትናንት ማታ ወደ ሁለተኛው ዲስክ አዛወርኩለት። ለማንም አልተናገርንም። አሮጌው ባዶውን ቀርቷል።»

«እስቲ አሮጌውን ክፈተው።»

ከፈተው። ባዶ አልነበረም።

መርማሪዋ ሁሉንም ሰበሰበች። እናትየውም በር ላይ ቆሙ። ጉልበቷን እያሸች ጀመረች።

«ሟቹ የጋራው ፎልደር ላይ የመጻፍ ፈቃድ የለውም፤ ስለዚህ ደብዳቤውን እሱ አላስቀመጠውም፤ የሐሰት ደብዳቤ ያስቀመጠ ደግሞ ኪኒኑንም ሻዩ ውስጥ ጨምሯል። እህቱም ፈቃድ የላትም። ሁለት ሰው ቀረ። ያው ደብዳቤ አሮጌው ፎልደር ውስጥም ተገኝቷል፤ የጋራው ውስጥ ከመግባቱ አራት ደቂቃ ቀድሞ። ጸሐፊው መጀመሪያ ወደ ሟቹ ዴስክቶፕ ነው የላከው። ከወንበሩ ሆኖ የሟቹን ስክሪን ቢያይ ደብዳቤው የለም! ደነገጠና ደግሞ የጋራው ውስጥ ጣለው። የጥገናው ልጅ ፎልደሩን ራሱ ነው ያዛወረው፤ ወደ አሮጌው ምን ሊሠራ ይልካል?»

ዓይን ሁሉ ወደ ሸሪኩ ዞረ።

«ስንት ዓመት ለመነህ!» አለች እህትየው። «‹ፕሮግራም ስትሠራ የፎልደሩን ቦታ በግምት አትጻፍ፣ የት እንደሆነ ማሽኑን ጠይቀው› እያለ!»

ሸሪኩ ግንባሩን ያዘ። «ቸኩዬ ነበር» አለ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች መርማሪዋ። ድምጿ ደስታ አልነበረበትም፤ ድካም ብቻ። አብረዋት የመጡት ፖሊሶች ሸሪኩን ይዘውት ወረዱ።

እናትየው የመርማሪዋን ክንድ ያዙ። «ደብዳቤውን እሱ አልጻፈውም?»

«አልጻፈውም፣ እናቴ። ጥሎዎት አልሄደም። ነጥቀውዎት ነው።»

«ልጄን!» አሉ እናትየው፤ ከጠዋት ጀምሮ አምቀው የያዙት እንባ ያን ጊዜ ወረደ። መርማሪዋ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠች። መኪናው ታች ቢጠብቃትም አልተነሳችም።