ባዶው ዲስክ የትኛው ነው?

«አስገድጂው! የማስገደጃውን ምልክት ጨምሪና ኢንተር በይው!» ቃለአብ ከደስታው ብዛት ወንበር ላይ መቀመጥ አቅቶታል።

የጓደኛው የርብቃ ጣት ግን ቁልፉን ሳይመታ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

ሳውዝ ሲ በተባለው ሰፈር ባለው የቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ጥግ፣ የመዘምራኑ ኮምፒውተር ሆዱን ከፍቶ ተቀምጧል። ሊነክስ በተባለ ሥርዓት የሚሠራ አሮጌ ማሽን ነው፤ ለርብቃ ደግሞ ነፍሷ ነው። የጉባኤው ልማድ እንዲህ ነው፦ ወደ ሌላ አገር መሄጃ ፈቃድ የደረሰው ቤተሰብ፣ ከመሄዱ በፊት በሁሉም ፊት አንድ መዝሙር ይዘምራል፤ መዝሙሩም ይቀረጻል። አንዱ ሲሄድ፣ ሌላው ሲከተል፣ ዲስኩ ጢም ብሎ ሞላ። ዛሬ ደግሞ ፈቃድ የደረሳቸው የነሚዛን ቤተሰብ ተራ ነው። የቀረጻው ኃላፊ ጋሽ በኃይሉ ቁርጡን ነግረዋቸዋል።

«ፕሮግራሙ እስኪጀመር ሁለተኛ ዲስክ ገብቶ ካልሠራ የቆዩትን መዝሙሮች አጠፋለሁ። ምን ላድርግ ልጆቼ?»

ከቆዩት መካከል የዕፀገነት መዝሙር አለ። ዕፀገነት ከእናቷ ጋር አውስትራሊያ የገባች የርብቃ የልብ ጓደኛ ናት። መሀል ላይ ሳቅ አምልጧት፣ እናቷ ቆንጥጠዋት፣ እያለቀሰች የጨረሰችው መዝሙር ሌላ ቅጂ የለውም። ርብቃ እሱ ሲጠፋ ቆማ ማየት አትችልም።

ለዚህ ነው አባቷ ዌስትላንድስ ካለው መሥሪያ ቤታቸው ያመጡላትን ትልቅ ዲስክ ይዛ እየሮጠች የመጣችው። ቃለአብም «ለኔ ተዪው! ትምህርት ቤት ስንቴ ሠርቼዋለሁ!» ብሎ ደረቱን ነፋ። አቧራውን ጠረጉ፣ ብሎኑን አጠበቁ፣ ገመዶቹን ሰኩ። ማሽኑ ተነሥቶ ሁለት ዲስክ ሲያሳይ እንደ ሕፃን ዘለሉ። አሁን የቀረው ሁለተኛውን ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም ጠርጎ ለቀረጻ ማዘጋጀት ብቻ ነው። ትእዛዙን ስትጽፍለት ግን ማሽኑ «ይህ ዲስክ ሥራ ላይ ነው» ብሎ እምቢ አለ።

«ሁሌም እንዲህ ይላል» አለ ቃለአብ። «ፎርስ አድርጊው፣ ሳዋ፣ እሺ? ሰው እየገባ ነው እኮ!»

«ቆይ እስቲ። ባዶ ዲስክ ምን ሥራ አለው?»

ርብቃ የዲስኮቹን መጠን የሚያሳየውን ትእዛዝ ጻፈች። ስታየው እጇን ከኪቦርዱ ላይ ነጠቀች። አሁን ማሽኑ ሁለተኛ የሚለው ትንሹን አሮጌ ዲስክ ነው፤ መዝሙሮቹ በሙሉ ያሉበት! አቧራውን ሲጠርጉ ሁለቱንም ገመድ ነቅለው ነበር፤ ሲመልሱ ቦታቸውን አለዋውጠውታል።

ቃለአብ ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ሪቢ… እኔ ሠርቼው አላውቅም። ቪዲዮ ላይ ነው ያየሁት። ፖሌ፣ ይቅርታ።»

«አንተ ውሸታም! ዕፀገነትን ልታጠፋብኝ ነበር!» ንዴቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ።

ጋሽ በኃይሉ ከበሩ ብቅ አሉ። «እህ፣ እንዴት ሆነ? ላጥፋ?»

ርብቃ ቃለአብን አየችው፤ አንገቱን ደፍቷል። ገመዱን በጥድፊያ የሰካችው ደግሞ ራሷ ናት።

«እንዳያጠፉ ጋሼ! ደርሰናል!»

ኪቦርዱን ወደ ቃለአብ ገፋችለት።

«እኔ?» አለ፤ ማመን አቅቶት።

«አንተ ጻፍ። ከመምታትህ በፊት ግን ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»

ቃለአብ ትእዛዙን ጻፈ፤ አሁን በአንደኛው ዲስክ ስም። ከዚያም እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል በፊደል አነበበ። ርብቃ እያንዳንዱን ስክሪኑ ላይ ካለው የዲስኮች መጠን ጋር አመሳከረች፤ ትልቁ ዲስክ ነው፣ ባዶው ነው።

«ምታው!»

መታው። አዲሱ ዲስክ ያን ሁሉ ባዶ ቦታ ይዞ ብቅ ሲል፣ ሁለቱም የት እንዳሉ ረስተው ጮኹ፤ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያቸው።