እማማ ኩብራን ማሳረፍ

ወላጆቻችንን የምናከብርበት አንድ የታወቀ መንገድ አለን፤ ሥራ እናስጥላቸዋለን። እጃቸው የያዘውን ተቀብለን ሶፋ ላይ እናስቀምጣቸውና «አሁን እረፉ» እንላለን። ይህን የምናደርገው ከፍቅር ነው። ከፍቅር መሆኑ ግን ከጉዳት አያድንም። የጎረቤቴ የያዕቁብ ቤት ይህን አሳይቶኛል።

ያዕቁብ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሕንፃ ዕቃ ይሸጣል። አዲሱን ቤቱን ሠርቶ እንደ ጨረሰ አልዩ አምባ ወርዶ እናቱን ይዞ መጣ። እማማ ኩብራ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በርበሬና ጥጥ ይዘው ከገበያ ገበያ ሲዞሩ የኖሩ ናቸው። አሁን አዲስ ቤት፣ አዲስ ሰፈር፣ ከሁሉ የባሰ ደግሞ የእኛን ብርድ መልመድ ነበረባቸው። ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበው በር ላይ ይቀመጡና «እናንተ ሰዎች ግን ማን አሳስቷችሁ ነው እዚህ የሰፈራችሁት?» ይሉን ነበር።

ከባለቤቴ ከአስካለማርያም ጋር የተዋወቁት በአጥር በኩል ነው። እሷ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ስትኮተኩት ቆመው ያዩዋታል። አንድ ቀን «አንቺ አስካለ፣ እኔን ብታስተምሪኝ ይገባኝ ይሆን?» አሏት። ሚዛንና ጆንያ እንጂ ዶማ ይዘው አያውቁም ነበር።

ሲጀምሩ ከቆላ ያመጡትን የበርበሬ ዘር ካልዘራሁ ብለው አስቸገሩ። አስካለማርያም «እትዬ ኩብራ፣ ይቅርብዎ» ብትላቸውም አልሰሙም። ቡቃያው ብቅ ሲል ውርጭ አቃጠለው። «ይኸ ብርድ እኔን ቢያጣ ቅጠሌን ገደለው!» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሁሉን እየጠየቁ ሆነ የሚሠሩት። ፍግ ከአፈር ማዋሃድ፣ ችግኙን ሲመሽ በጆንያ መሸፈን፣ ነጭ ሽንኩርቱን ሥሩን ወደ ታች አድርጎ መትከል ተማሩ። ምራታቸው ሌይላ ጎመን ልትቀነጥስ ስትወጣ አጠገቧ ቆመው «ከታች ከታቹን፣ ልጄ! አናቱን እንዳትነኪብኝ» ይላሉ። ለባለቤቴ ደግሞ «ቤቱ የልጄ ነው። ይቺ ጓሮ ግን የኔ ናት» ብለዋታል። እውነታቸውን ነበር። በዚያ ሁሉ ቤት ውስጥ የእሳቸው የሆነ ሌላ ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን የያዕቁብ የንግድ ወዳጆች ሊጠይቁት መጡ። እማማ ኩብራ በሳፋ ፍግ ይዘው ሲያልፉ አይቶ አንዱ «እናትህን ገና ታስቆፍራለህ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ለእሱ ጨዋታ ነው። ያዕቁብ ግን ውስጡ ቆሰለና እኛ ቤት መጣ።

«እትዬ አስካለ፣ እባክዎ እናቴን አያደፋፍሯት። እኔን ያሳደገችኝ ጆንያ እየተሸከመች ነው። ከእንግዲህ ቁጭ ብላ ልትጦር ነው የሚገባት» አላት።

«ልጄ፣ ሥራ መሰለህ እንዴ? ደስታቸው እኮ ነው።»

«ሰው እንደዚያ አያየውም። ያዕቁብ እናቱን አምጥቶ ቆፋሪ አደረጋት ነው የሚለው።»

«ሰውን ተወውና እሳቸውን ጠይቃቸው።»

«እናት ምን ትላለች? ቢደክማትም አልደከመኝም ነው የምትለው» ብሎ ወጣ።

ለዒድ እማማ ኩብራ ሴት ልጃቸው ሱልጣና ዘንድ አልዩ አምባ ወረዱ። ያዕቁብ ይህን ጊዜ ጠብቆ ሠራተኛ አስገባ። ጎመኑ ተነቀለ፤ ሽንኩርቱ ተነቀለ። ጓሮው በሲሚንቶ ተመታና በላዩ ንጣፍ ለበሰ። ልጁ አልሰሰተም፤ ከሱቁ ምርጡን ነው ያነሣው። መቀመጫና ጥላ ሳይቀር አዘጋጀላቸው።

እናቱ ሲመለሱ እኛንም ጠርቶን ነበር። እማማ ኩብራ የጓሮው በር ላይ ቆሙና ጫማቸውን አወለቁ።

«እማዬ፣ ግቢ እንጂ! ላንቺ ብዬ ነው እኮ። ከእንግዲህ ጭቃ አይነካሽም» አለ ያዕቁብ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ።

ወዲያ ወዲህ አዩ። «አላህ ይስጥህ ልጄ፣ ያማረ ነው» አሉ። ልጅ እንዲያ ለፍቶ ደስ ብሎት ሲያይዎት እርስዎስ ምን ይሉ ነበር? አስካለማርያም ቤታችን ገብታ አለቀሰች።

ትንሽ ቀን እኛ ጓሮ ብቅ ማለት ጀምረው ነበር። ያዕቁብ «የሰው ጓሮ ደግሞ? ጭራሽ አዋረድሽኝ!» ስላላቸው ቀሩ። ለልጃቸው ክብር ሲሉ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ከፊታቸው ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ የማያውቁት አገር ድራማ ያሳያል። ልጠይቃቸው ገብቼ «ምን እያዩ ነው?» ብላቸው «እኔ እንጃ መምህር፣ እሱ ነው እኔን የሚያየኝ» አሉኝ። የመጨረሻው ቀልዳቸው ይህ ይመስለኛል።

ክረምት ሲገባ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ምግቡንም ጨዋታውንም ተዉት፤ ያለ ሌይላ ክንድ መነሣት አቃታቸው። ሐኪም ዘንድ ሲወስዷቸው ሐኪሙ ቀን ቀን ምን እንደሚሠሩ ጠየቀ።

«ምንም! የሚጠጡትን ውኃ እንኳ እኛ ነን የምናቀርብላቸው» አለች ሌይላ፣ በኩራት።

«የጎዳቸው እሱ ነው። ሰውነታቸው ባለመንቀሳቀስ ደክሟል፤ ልባቸውም አዝኗል። ምን ይወዱ ነበር?» አለ ሐኪሙ።

ያዕቁብ አንገቱን ደፋ። ቤት እንደ ደረሰ መዶሻ አንሥቶ ንጣፉን በገዛ እጁ ሰባበረው። አፈር አስመጣ፤ አስካለማርያም የጎመን ችግኝ ይዛ ሄደች። እናቱን ተሸክሞ አወጣቸው።

«እማዬ፣ ይኸው ጓሮሽ። እንደ ፊቱ አድርጌልሻለሁ፣ ትከይ።»

ችግኙን ተቀበሉ። ጎንበስ ሊሉ ሞከሩ፤ ወገባቸው አልታዘዛቸውም። ችግኙን ለአስካለማርያም መለሱላት።

«ያዕቁብ ልጄ፣ መቀመጡ መጀመሪያ በጣም ከብዶኝ ነበር። አንተ ደስ ይበልህ ብዬ ታገልኩና ለመድኩት። አሁን ሌላ የምለምድበት አቅም የለኝም። ብርዱ ገብቶኛል፣ ወደ ውስጥ መልሰኝ» አሉ።

መለሳቸው። መስከረም ሳይጠባ ሞቱ።

ይህን የጻፍኩት ያዕቁብን ለመውቀስ አይደለም፤ ይጻፉልኝ ያለኝ እሱ ነው። ለቅሶው ላይ አጠገቤ ተቀምጦ «መምህር፣ ስሜን እንዳይደብቁት። ሰዉ ሁሉ እናቱን የጦረ እያለ ያመሰግነኛል። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ 'እማዬ፣ ምን ደስ ይልሻል?' ሳልላት ነው የቀበርኳት» አለኝ።

እናት አባታችሁ በሕይወት ያሉላችሁ፣ እናንተ ገና መጠየቅ ትችላላችሁ። ዛሬ ቤት ስትገቡ ጠይቋቸው፤ የሚመልሱላችሁንም ስሟቸው።